የሰከረው ግንበኛ መስኮቶች

የቤታችን የኋላ ክፍል ሁለት መስኮቶች አሉት። ሁለቱም ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላሉ። ልጆች እንደ በርጩማ ይቀመጡባቸዋል፤ ትልቅ ሰው ግን ወደ ውጭ ለማየት መንበርከክ አለበት። ወንድሜ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይህን ቤት የሠራው ግንበኛ ሰክሮ ነበር» እያለ ያስቃል። ግድግዳው እስከ ደረታችን ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ብሎኬት ነው። ለዚህም መልስ አለው። «ስካሩ ሲለቀው ድንጋዩ አልቆ ጠበቀው» ይላል።

እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ። ሊሾ ሠራተኛ ነኝ፤ የሲሚንቶ ወለል አፍስሼ፣ አስተካክዬ፣ አለስልሼ ነው የማድረው። ስለ ወለል ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ወንድሜ በያጅ ነው። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም እሱ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ባለፈው በጋ ለሦስቱ የሚሆን ባለ ሦስት ደርብ የብረት አልጋ በየደ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምራል፤ መጋጠሚያው በእጅ ቢዳሰስ አይታወቅም። ቁመቱን ከክፍሉ ጋር ያስተያየው ግን ከበየደው በኋላ ነው። ላይኛው ደርብ ላይ የሚተኛው ልጅ ቆርቆሮውን በአፍንጫው ይነካል።

ሚስቱ፣ «ቁረጠዋ» አለችው።

«ይህን አልጋ? እጄን ብትቆርጪው ይሻለኛል።»

«ታዲያ ልጁ አፍንጫውን አውልቆ ይተኛ?»

ሦስት ቀን አልጋውን ግቢ ውስጥ በላስቲክ ሸፍኖ ሲያስብ ሰነበተና መላ አገኘ። ወደ ላይ እንዳንሠራ ግድግዳው አይሸከምም፤ ስለዚህ ወደ ታች እንቆፍራለን። አንድ ሜትር ዝቅ ካልን ክፍሉ ይሰፋል፣ አልጋው ይገባል፣ ልጆቹም በደረጃ ወርደው ይተኛሉ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ጮኹ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቁፋሮው የእኔ ሥራ መሆኑ ግን የታወቀ ነበር።

የተቃወሙት አክስቴ ብቻ ናቸው። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው እዚህ ቤት ከአባቴ ጋር ይኖሩ ነበር። ከዚያ ሩቅ አገር አግብተው ሄዱና፣ ባላቸው ሲሞቱ አምና ወደ እኛ ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ትንሹን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሲሄዱ ከኋላ ላያቸው ሰው ማን ማንን እንደሚመራ አይለይም።

ራት ላይ ነበር የተናገሩት።

«ልጆቹን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አታስተኛቸውም።»

«ለምን እትዬ?» አለ ወንድሜ።

«ጎርፉ የገባ ቀን ውኃው እዚያ ክፍል ውስጥ ከንፈሬን ነክቶኛል። ቀን ነበር፤ ፀሐይ ነበረ። አባትህ አንተን ትከሻው ላይ አድርጎ ጥጉ ጋ ቆመ። እኔ የመስኮቱን ብረት ይዣለሁ። አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ ነበር የምተነፍሰው።»

ወንድሜ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አያስታውሰውም። እኔ አልተወለድኩም። ግን ጎርፉ ለመኖሩ ምስክር አለ። አባቴ በክፍሉ ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በመሮ አግድም መስመር ፈልፍሎ ከሥሩ «እዚህ» ብሎ ጽፏል። መስመሩ ጉልበታችን አካባቢ ነው።

«ምልክቱ እኮ አለ» አለ ወንድሜ። «ከጉልበት አያልፍም። ተኝተው ነበር እንዴ እትዬ?»

ልጆቹ ሳቁ።

«ቆሜ ነበር» አሉ እትዬ።

«እንግዲህ ባለሙያ ይፍረድ። አንተ ዝምታ፣ ሜትርህን አምጣ።»

ዝምታ ብሎ የሚጠራኝ እኔን ነው። ሜትሬ ከኪሴ አይለይም። ሄጄ ጫፉን ከወለሉ አስነሣሁና ወደ መስመሩ ሳብኩት።

«ሃምሳ ሁለት ሴንቲ» አልኩ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

እትዬ መስመሩን አዩ፤ ከዚያ ወለሉን አዩ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲህ እኔ ልጅ ነበርኩ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ልጅ አልነበሩም። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ሌላ ሰው ሆኑ። የሚያስታውሱትን ነገር አንድ በአንድ ያስመረምሩኝ ጀመር። ልብስ ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ።

«አባትህ ግራኝ ነበር አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«እሱስ ልክ ነው። የእናትህ ድምፅ ወፈር ይል ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ግድግዳውስ? ሰማያዊ ነበር።»

እሱን አላውቅም። ወንድሜ ከወዲያ ሰምቶ፣ «ነጭ ነው እትዬ፣ ዱሮም ነጭ ነው» አለ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ።

የወንድሜ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ፈራች። መጀመሪያ ክብሪቱን እትዬ የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠች። በሳምንቱ ደግሞ፣ «መንገዱ መኪና በዝቶበታል፣ እርስዎ ይረፉ» ብላ ትንሹን ልጅ ራሷ ማድረስ ጀመረች። እትዬ አልተከራከሩም። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ልጁ መታጠፊያውን ሲያልፍ ይገባሉ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንተ አትዋሽም። ጭንቅላቴ ነው?»

ሃምሳ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላው ቢስቅባቸው ሳቅ ነው፤ የእኔ ግን ልኬት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁፋሮ ጀመርኩ። መስመሩ ካለበት ጥግ ነው የጀመርኩት። የላይኛውን ሲሚንቶ አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ያፈሰስኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ጥጉ ላይ ዛሬም ጠመም ይላል። ከሥሩ ጠጠር አለ፤ ያን ጠጠር ያስገባሁትም እኔ ነኝ። የዚያን ዓመት መንገዱን አስፋልት ሲያለብሱት ከፍ ስላለ ዝናቡ ወደ ቤት ይገባ ነበር፤ ወለሉን ማንሣት ነበረብን። ጠጠሩን ሳወጣ ቀዩ ሊሾ ብቅ አለ። በልጅነቴ በካልሲ የተንሸራተትኩበት ነው። እስከዚህ ሃያ አምስት ሴንቲ ነው። አሁን አፈር ይመጣል አልኩ።

ቀዩን ሰብሬ ዲጅኖውን ስሰድ አፈር አልነበረም። አፈር ዲጅኖ ሲገባበት ድምፁ ድፍን ነው። ይህ ግን ተንኳኳ። የተሰባበረ ጡብ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ድንጋይ፤ ሰው አምጥቶ የሞላው ነገር ነው። አወጣሁት። ከሥሩ ሌላ ሲሚንቶ አገኘሁ፤ ሸካራ፣ ግራጫ። እሱንም ሰበርኩት። ከሥሩ ደግሞ አሸዋ። አሸዋው ሲያልቅ ዲጅኖዬ ድንጋይ መታና እጄን ነዘረኝ።

በእጄ ጠረግኩት። የተጠረበ ንጣፍ ነበር። በንጣፎቹ መካከል እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ ጭቃ ሞልቷል። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ፣ ከቀዩ ሊሾ በታች ያለው ድንጋይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል።

ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው መስኮት አሁን ከራሴ በላይ ነበር። ተነሥቼ ስቆም ደፉ ክርኔ ጋ መጣ። ለንፋስና ለወሬ የሚመች፣ ደኅና ልክ። ግንበኛው አልሰከረም ነበር።

በእኛ ሙያ ልኬት ከወለል ይጀምራል። ዜሮ ማለት ወለል ነው። የበር ቁመት፣ የመስኮት ደፍ፣ የመብራት ማብሪያ፣ ሁሉም ከወለል ተለክቶ ነው የሚገባው። ስንት ሰው ቤት ገብቼ ወለል አንሥቻለሁ! መንገድ ሲነሣ ቤት ይሰምጣል፤ እኛም ተጠርተን እናነሣዋለን። ወለሉን ያነሣ ሰው ዜሮውንም ይዞት እንደሚነሣ ግን ልብ አላልኩም። አባቴ ከጎርፉ በኋላ ሁለት ጊዜ አንሥቶታል፤ ክፍሉ እንዳያጥርበት በድንጋዩ ላይ ብሎኬቱን የጨመረውም ያኔ መሆን አለበት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጉልበታችን ላይ ያወረድነው እኛ ነን።

ሜትሩን ከድንጋዩ ወደ መስመሩ ሳብኩት። አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት። ሁለቴ ደገምኩት። ከዚያ ወንድሜን ጠራሁት።

ጉድጓዱን አየ፣ መስመሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ጥጉ ሰምጦ ይሆናል» አለ። «ድሮ ጉድጓድ ቢኖርስ?»

መከራከር አልችልበትም። ውኃ ልክ የምወስድበትን ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አመጣሁና ውኃ ሞላሁት። አንዱን ጫፍ መስመሩ ላይ እንዲይዝ ሰጠሁት፤ ሌላውን ይዤ ወደ ማዶው ጥግ ሄድኩ። በቱቦው ሁለት ጫፍ ያለ ውኃ የትም ቢወስዱት እኩል ነው የሚቆመው። በቆመበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። እዚያም ወለሉን ሰብሬ ወረድኩ፤ እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብኝ። ያው ቀይ፣ ያው ግራጫ፣ ያው ድንጋይ። ከድንጋዩ እስከ ጠመኔው አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።

ጠመኔውን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ወንድሜ ተከተለኝ። ላስቲኩን ከአልጋው ላይ ገለጥኩት። ድንጋዩ ከዛሬው ወለል ዘጠና ሴንቲ ነው የሚርቀው፤ አንድ ሜትር ብንቆፍር ከድንጋዩም አሥር ሴንቲ ዝቅ እንላለን። ስለዚህ ከአልጋው እግር ተነሥቼ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት ለካሁና ብረቱን በጠመኔ ዙሪያውን አሰመርኩት። ሁለቱ ደርቦች ከጠመኔው በታች ሆኑ። አንዱ ብቻ ከላይ ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ፣ ምን እንደሆነ እያወቀ።

«እዚህ» አልኩት። አባታችን የጻፈውን ነው የደገምኩት።

አልጋውን ሲያየው ቆየ። በሐሳቡ ልጆቹን በየደርቡ ሲያስተኛቸው ታየኝ፤ ማንን ከላይ እንደሚያደርግ ሲመርጥ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገና፣ «እትዬን ጥራልኝ» አለ።

እትዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ምንም አልነገርናቸውም። መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው።

«ሰማያዊ» አሉ።

እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ድንጋዩን ሲረግጡ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጀርባቸውን ለጥጉ ሰጥተው ቆሙ። ልጆቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩአቸዋል። መስመሩ ከዓይናቸው ሥር ነበር።

ትልቁ ልጅ፣ «ከንፈር ነበር ያሉት፣ ዓይንዎ ጋ ነው እኮ!» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አለች እናቱ።

እትዬ ግን ሳቁ። ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር ሳይስቁ! በጣታቸው ከመስመሩ እስከ ከንፈራቸው ለኩ። «አራት ጣት» አሉ። «ያኔ ቀጥ ያልኩ ልጅ ነበርኩ። አራቱን ጣት ዕድሜ ወስዶታል፤ እሱን አልከስም።» ከዚያ ተረከዛቸውን አንሥተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ አፋቸውን ገጠሙ። መስመሩ ልክ ከንፈራቸው ላይ መጣ። እንደዚያ ሆነው በአፍንጫቸው ሦስት ጊዜ ተነፈሱ።

ወንድሜ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም። እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው፣ «ሰኞ ትንሹን እርስዎ ያድርሱት» አላቸው።

ሚስቱ ሄዳ ክብሪቱን ወደ ቦታው መለሰች።

በማግሥቱ ጉድጓዶቹን ሞላን። ከመሙላታችን በፊት በአባቴ መሮ ከመስመሩ አጠገብ፣ ከታችኛው ድንጋይ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት መሆኑን ፈለፈልኩ። ከሥሩም ወለሉ ስንት ጊዜ፣ በስንት በስንት ሴንቲ እንደተነሣ ጻፍኩ። ፊደሎቼ ከአባቴ ያንሳሉ፤ ግን ይነበባሉ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መቁረጫውን ይዞ አልጋው ጋ ቆመ። ላይኛውን ደርብ ቆርጦ ለብቻው ዝቅ ያለ አልጋ ሊያደርገው ነው፤ በመስኮቱ አጠገብ ይገባል። ትንሹ ልጅ የመስኮቱ የእኔ ነው እያለ አስቀድሞ ትራሱን አምጥቷል።

«ስንት ሴንቲ ላይ ልቁረጥ?» አለ ወንድሜ።

ሜትሬን አወጣሁ።

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ከየት እንደምንለካ እንስማማ።»

ከበሩ ላይ እትዬ፣ «ጎሽ የእኔ ልጅ» አሉ። ወንድሜ ደግሞ መቁረጫውን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝምታ አፍ አወጣ በሉኛ!» አለ።