እሁድ የሚነሳው መኪና

«…ጣሪያው ላይ ከዋክብት አሉ፤ እንዳይጠፉ ባትሪውን አታስርበው።» ሱዳናዊው ሳሊም መኪናውን ለባሏ ሲተው እንዲህ ይል ነበር፤ ወይም ዝናሽ እንዲህ ያለ ይመስላታል። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ያን ቀን እሷ ከማሽላ አገዳው አጥር ወዲህ ሰሊጥ ታበጥራለች፤ ወንዶቹ ከወዲያ ቆመው በዓረብኛ ያወራሉ። የገባት ግማሹ ነው። ሳሊም ልጁን ለሰው እንደሚተው አባት ይዘረዝራል፦ ወንበሩ ለስላሳ ቆዳ ነው፣ ፀሐይ አይወድም፤ ምንጣፉ የበግ ፀጉር ነው፣ በጫማ አይረገጥም፤ የፊቱና የኋላው በር እንደ መስኮት መዝጊያ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ አትታገላቸው፣ ራሳቸው ይዘጋሉ። ባሏ የመለሰው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አማና።» ያቺ አልጠፋቻትም። አደራ ማለት ናት።

ዛሬ የባሏ የቢሆነኝ ሰልስት ነው፤ ቀኑም እሁድ። መተማ ዮሐንስ ከማለዳው ትነድዳለች። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሥር በካርቶን እያራገበ፣ ዓይኑን ግን በግቢው ጥግ በሰሊጥ ሸራ ተሸፍኖ ከቆመው መኪና ላይ አልነቀለም። ትናንት ነፋስ የሸራውን ጫፍ ገልጦት፣ ከመኪናው አፍንጫ ላይ የቆመችው የብር ምስል ታየች። ሹክሹክታው የባሰው ያኔ ነው። አንዷ ጎረቤት፣ የመጋዘን ዘበኛ የንጉሥ ሠረገላ ይዞ ለቅሶ በእግሩ ይደርስ ነበር ብላ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ሌላው፣ ሳይሰርቅ አይቀርም አለ። ዝናሽ ሁሉንም ሰምታለች። ሲያለቅስ የሰነበተ ጉሮሮ ለማን ለማን ይመልሳል?

የቢሆነኝ ታናሽ ወንድም ባየልኝ ትራክተሩን ትቶ ከአብደራፊ የደረሰው ወንድሙ አፈር ሊለብስ ሲል ነው። እስካሁን እንባ አልወጣውም። ከጎኑ አለምሰገድ የሚባል የመኪና ደላላ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ልደርስ ብሎ መጥቶ ሁለቴ ተነስቶ መኪናውን ዞሮታል።

ባየልኝ መጣና ከዝናሽ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እታለም፣ ቁልፉን ስጪኝ። ሰውዬው ዛሬውኑ ይወስደዋል።»

«የሰው ነው።»

«የሰውማ ነው። ወንድሜ በባጃጅ እየተንገጫገጨ ሞተ፤ ይሄ ደጁ ላይ ተገትሮ።»

የፈራችው ይህንን ነበር። ራሷም ሌሊቱን ስትለው ታድራለችና። ትኩሳቱ የጣለው ቀን ቁልፉን ይዛ የቀረበችው እሷ ናት። ቢሆነኝ ከእጇ ተቀብሎ ከትራሱ ሥር ሸጎጠው። «ላቤ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ ባጃጅ ጥሪ» አላት። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ባጃጁም ፈጥኗል። ሞት ቀድሞ ነበር። እንዲህ ብላ ራሷን ታጽናናለች፤ ሁልጊዜ ግን አይሆንላትም።

ባየልኝ የማያውቀውን ነገረችው። ቢሆነኝ በጎረምሳነቱ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ሲጥለው፣ ጓደኞቹ ከዛፍ ሥር ትተውት ሄዱ። የሳሊም አባት ነው አንስቶ በገዛ አልጋው ላይ አንድ ወር ያስታመመው። አንተን ያሳደገህ ከዚያ አልጋ ተነስቶ ነው አለችው። ጦርነቱ ሳሊምን ከካርቱም ሲያባርረው፣ መኪናው ከዚች ከተማ ወዲያ ማለፊያ ወረቀት አልነበረውም፤ ለቢሆነኝ ትቶት ከነልጆቹ በአውቶቡስ ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አለፈው።

ቢሆነኝ ግን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጫማውን ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ አውልቆ፣ ወንበሩ ላይ ንጹሕ ጆንያ አንጥፎ ያስነሳው ነበር። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ መነሳቱን የምታውቀው ከሥሩ የተኙት ዶሮዎች ሲወጡ ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያንቀሳቅሰዋል። ጎማው ሲዞር መሐሉ ላይ ያለው ምልክት አይዞርም፤ ቀጥ እንዳለ ይቆማል። ሰውም እንዲህ ቢሆን፣ ይል ነበር።

ዝናሽ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። ደከማት።

«ዛሬ እሁድ ነው፤ መጀመሪያ አስነሳው። ከዚያ እንደ ልብህ።»

ባየልኝ ሸራውን ገፈፈ። በሩን ከፍቶ ጆንያውን ሲያይ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ከነቦቲ ጫማው ገባ። በሩ በራሱ ተዘጋ። በዚያው ቅጽበት ከአብርሃ ጅራ የመጡ ሴቶች እየጮኹ ወደ ግቢው ገቡ፤ ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ከመስተዋቱ ወዲያ ግን ጩኸቱ አልደረሰም። ዝናሽ ታያለች፤ ዶሮዎቹ ከመኪናው ሥር ወጡ፣ ከባየልኝ ራስ በላይ የጣሪያው ጥቃቅን የመብራት ከዋክብት በሩ። የወንድሙን ጆንያ በእጁ ዳበሰ። አፉ ተከፈተ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አንድም ድምፅ ወደ ውጭ አልወጣም። ደላላው ሊጠጋ ሲል ዝናሽ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

በሩ ሲከፈት የባየልኝ ዓይን ቀልቷል። ወደ ታች አየ፤ የአብደራፊ ጥቁር አፈር ነጩ ምንጣፍ ላይ ረግፏል። በጣቱ እየለቀመ በመዳፉ ሰበሰበው።

«እግዜር ይስጥልን፣ አለምሰገድ» አለ። «ባለቤቱ ገና አልመጣም።»

ከዚያ ወደ ዝናሽ ዞረ። «እስኪመጣ እኔ አስነሳዋለሁ። እሁድ እሁድ።»

«ከአብደራፊ? ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው» አለ። ጎንበስ ብሎ የቦቲውን ክር ፈታ፤ ሁለቱንም ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አኖራቸውና በባዶ እግሩ ተመልሶ ገባ። ወደ ፊት አንድ እርምጃ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር።