በአቶ ዳልጮ እጅ የተገኘው

በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ስተይብ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። የስንቱ ክስ በጣቶቼ ስላለፈ፣ ሰው ተነስቶ ስለ ሕግ ሲሰብከኝ እንቅልፌ ይመጣል። አለቃዬ አቶ ፈቃደ ግን መስበክ ይወዳሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ውይይት ነበር። አንድ ወጣት መምህር ተነስቶ፣ «ለራሱ ጥቂት ካናቢስ ይዞ የተገኘ፣ ማንንም ያልጎዳ ሰው ከሚታሰር በምክር ይታለፍ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አቶ ፈቃደ ማይኩን ጨበጡ።

«ሕግ ሕግ ነው! አንዲትም ብትሆን ቅጠል ቅጠል ናት። ዛሬ ለክብሪት ቀፎ ካዘንን ነገ ለጆንያ እናዝናለን!»

ተጨበጨበ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ተጨበጨበ» ብዬ ጻፍኩ።

የክብሪት ቀፎዋን ነገር ያመጣት አሞጽ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ይሸከማል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የክብሪት ቀፎ የማትሞላ ቅጠል ኪሱ ውስጥ ተገኝታ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ። ከሰዓት በኋላ ክሱ ሊፈረም ነው፤ ከተፈረመ ደግሞ የሚጠብቀው የዓመታት እስር ነው። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ጋሪ ነጂው ሶፎንያስ ባለፈው ዓመት እንዲሁ ተይዞ፣ ክሱን እኔው ተይቤለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ወህኒ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ ሶፎንያስ ግን ስንቅ የሚያደርስለት እንኳ የለውም።

አሞጽ አጎት አለው። አቶ ዳልጮ በጨንቻ ደጋ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከምሳ በኋላ እህታቸው ሻሺቱ፣ የልጁ እናት፣ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ የለም። ችግሩ፣ ከደጋ ይዘውት የወረዱት ሳር በአርባ ምንጭ ሙቀት ሚኒባስ ውስጥ ጠውልጎ ድርቆሽ ሆኗል። በደረቅ ሳር ደግሞ አይለመንም። የግቢያችንን ሳር እንዳይወስዱ አቶ ፈቃደ ባለፈው ወር «ዘመናዊ ይሁን» ብለው አስነቅለው ኮብልስቶን አስነጥፈውበታል።

ፖሊስና እኛ አንድ ግቢ ነን። ጠዋት ከሙዝ መሀል ተነቅሎ የመጣ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ካናቢስ አጥሩ ጥግ ተከምሯል። ሻሺቱ ልትጠይቅ ቢሮ ገባ ስትል፣ ሽማግሌው በግቢው ያለውን ብቸኛ እርጥብ ነገር በዳበሳ አገኙትና እፍኝ ሙሉ ቀነጠሱ።

አቶ ፈቃደ ለከሰዓቱ ስብሰባ ሲወጡ፣ አቶ ዳልጮ የበሩ ደፍ ላይ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ካናቢስ ዘረጉላቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ሳር አትለፍ። ልጁ አጥፍቷል፤ ለእኔ ስትል ማረው።» የእሳቸው አማርኛ አንቱታ አያውቅም።

ጠዋት ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ፖሊስ እንድሪያስ ሚዛን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እጅ ከፍንጅ ነው ጌታዬ!»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

«መልስ ሚዛኑን!» አቶ ፈቃደ ጮኹበት። «ሽማግሌ ይመዘናል እንዴ?» ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «አባቴ፣ ይሄ ሳር አይደለም። የተከለከለ ዕፅ ነው» አሏቸው።

አቶ ዳልጮ አሸተቱት። «ልጁን ያሰራችሁበት?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ እኔንም እሰረኝ። የሱ ከዚህ ያንሳል ብለውኛል።» ከተንበረከኩበት ንቅንቅ አላሉም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር ይሏል ይሄ ነው። አቶ ፈቃደን ላብ አጠመቃቸው። ሽማግሌውን ቢያስሩ ነገ ደጋው ሁሉ ወርዶ ግቢያችንን ይሞላዋል። «እርስዎ እኮ ሳያውቁ ነው፤ ጥቂት ነው፤ ማንንም አልጎዱም፤ በምክር ይታለፋል» አሉ። መምህሩ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ ባዩሽ፣ በአቶ ዳልጮ እጅ የተገኘው ሳር ነው ብለው ይመዝግቡ።»

መዘገብኩ። ቀጥዬ የአሞጽን መዝገብ ከፈትኩ። ለጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶኛል፤ ፈራሁ። ቢሆንም ተየብኩት፦ «ከተጠርጣሪው ኪስ የተገኘው በአቶ ዳልጮ እጅ ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው።» ሁለቱን ወረቀት ደርቤ አቀረብኩላቸው።

አነበቡ። እኔን አዩኝ፤ ደፉ ላይ የተንበረከኩትን ሽማግሌ አዩ። ውጭ የሚጠብቃቸው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ሁለቱንም ፈረሙ። በሳር የሚከሰስ የለምና አሞጽ ተለቀቀ።

ሻሺቱ ልጇ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አቶ ዳልጮ ቅጠሉን ለእንድሪያስ አስረከቡ። አቶ ፈቃደም ስብሰባቸው ደርሰው «ሕግ ሕግ ነው» አሉ፤ ዳግመኛ ተጨበጨበላቸው አሉ።

እኔ የሶፎንያስን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረድኩ። የተያዘበት መጠን ከአሞጽም ያንሳል። ከግርጌው የታይፒስቷ ስም አለ።

ቅዳሜ ስንቅ ቋጥሬ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ሶፎንያስ ከስቷል። ሳህኑን ተቀብሎ ግራ ገብቶት አየኝ።

«አላወቅሁዎትም እናቴ። ማን ነዎት?»

ክስህን የተየብኩት ነኝ ማለት አቃተኝ።

«ዘግይቼ የመጣሁ ሽማግሌ ነኝ» አልኩት።