ለእያንዳንዱ አንድ አንድ

«ግባ እንጂ። ልቅሶ በር ላይ ቆሞ አይደረስም» አለች እማማ መርፌ።

ሰውዬው አልገባም። ሁለት ጭምብል ደራርቦ፣ ወረቀት የያዘ እጁን ከሰውነቱ አርቆ፣ ደፉ ላይ እንደ ግንድ ተተከለ። ልጇ ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። ፋብሪካው ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ሸሚዙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ጭምብል ብቻ ይሰፋል። ልጇ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

እማማ መርፌ የሚሏት አንድም አሮጌ ልብስ ጠግና ስለምታድር፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። «ፊደሉም እኔን አልቆጠረኝ፤ እኩል ነን» ትላለች። ያ ምላስ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ምን ትበል? ልጅቷ ሰኞ ለት ሳል ጀመራት፣ ሐሙስ ሆስፒታል በር ላይ፣ የጥበቃው በርጩማ አጠገብ፣ «አልጋ የለም» እየተባለች ዋለች፣ ቅዳሜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ተቀበረች። እናት ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ አየች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አጠገቧ ደርሶ እጇን እንኳ አልያዛትም።

ጎረቤቷ ሬዲዮ፣ ወሬ ስለማይጠፋባት ነው ሬዲዮ የተባለችው፣ ሦስቱንም ቀን ልቅሶ የደረሰችው በመስኮት ነው። ጠዋት እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የፋብሪካው ጌታ አባት እኮ ተሻላቸው አሉ፤ የሆስፒታሉን መተንፈሻ ማሽን ከነሐኪሙ መኝታ ቤታቸው ድረስ አስገብተውላቸው» ብላት ነበር።

«መቼ?»

«ያው ሐሙስ ለት ነው መሰለኝ፣ እትዬ።» ከተናገረችው በኋላ አፏን ያዘች።

አሁንም መስኮቱ ላይ ናት። ክፍሉ አንድ ነው፤ አልጋው፣ የስፌት መኪናውና የውሃ ጀሪካኖቹ ተሻሽተው ነው የሚኖሩት። ጥግ ላይ የልጅቷ የሥራ ጓደኛ፣ ቀጭኗ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ታቅፋ ተቀምጣለች። የጭምብሏ ማንጠልጠያ ከተበጠሰ ሰንብቷል፤ በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች።

«እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ታታሪ ልጅ ነበረች» አለ ተቆጣጣሪው። «አንዲት ነገር ብቻ፤ ጣትዎን እዚህች ላይ ቢያሳርፉልኝ። ቀለሙን ይዤያለሁ።»

«ምን ይላል?»

«የተለመደ ነው።»

«እኔን አልለመደኝም። አንቺ፣ ተቀበዪውና አንብቢልኝ።»

ቀጭኗ ወረቀቱን ተቀበለች። ከጭምብሏ ሥር አነበበች። «ሟች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አንድ ጭምብል ተሰጥቷታል። በራሷ ቸልተኝነት ስለጣለችውና ያለ ጭምብል ስለሠራች፣ ለደረሰባት ሁሉ ድርጅቱ አይጠየቅም።»

«አንድ?» አለች እማማ መርፌ። «ቀን ሙሉ ጭምብል ስትሰፋ ለምትውል ልጅ፣ አንድ?»

«ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ነው የደረሰው። የቀረው የደንበኛ ዕቃ ነው። ሁሉም ሲወጣ ይፈተሻል፤ ክር እንኳ አያልፍም። ጠፋብኝ ያለችው ራሷ ናት፣ እናቴ።»

«ልጄ? መርፌ እንኳ ጠፍቷት አያውቅ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። አየር ስትስብ በፊቷ ላይ ያለው ሰማያዊ ጭምብል ከከንፈሯ ጋር ተጣበቀ።

ክው አለች።

ከወር በፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ ልጅቷ ከሥራ ገብታ ጭምብሏን ፈታች። ውሃ አፍልታ አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ እናቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። «ይቺ ያንቺ ናት፣ እማ። በዚህ በታመመ ደረትሽ ቤት ለቤት ስትዞሪ።»

«የአፍ ማሰሪያ ለበቅሎ ነው። እኔ ማንን ነክሼ?»

«በምላስሽ ስንቱን ነክሰሻል» ብላ ሳቀች።

«አንቺስ?»

«እኔማ ክምሩ መሐል አይደል የምውለው? ማር ቆራጭ ጣቱን ይልሳል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እናት አመነች። ማመን ብቻ ቢሆን ደግ፤ ተኩራራች እንጂ። በየገበያው አገጯን ቀና አድርጋ፣ «የልጄ እጅ ነው። እናንተ ተሰለፉ፣ እኔ ቤቴ ይሰፋልኛል» ስትል ከረመች። መኪና ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ «ቤት ቆዩ» እያለ ሲያልፍም «እሺ፣ ቤት ያለው ይቆይ» እያለች ባልቴቶቹን አሳቀች። ልጅቷም አብራ ትስቅ ነበር።

እማማ መርፌ ወደ ቀጭኗ ዞረች። «ታውቂ ነበር?»

«አስምላኝ ነው፣ እማማ።»

«ምን ብላ?»

«ካወቀች ገንጥላ ትጥለዋለች፤ ኩራቷ ይገድላታል፣ ብላ።»

ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«እናቴ፣ ቶሎ ቢሉልኝ» አለ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ። «ገና የምደርስባቸው ቤቶች አሉ።»

«ይህንኑ ወረቀት ይዘህ?»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። «አዎ።»

«ስንት ቤት?»

«ሦስት።»

እማማ መርፌ ቀስ ብላ፣ «እንግዲያው እንዲህ ብለህ ጻፍ» አለች። «አልጣለችውም፤ ለእናቷ ሰጠች በል። ያኔ አሥሩንም ጣቴን ነክሬ አትምልሃለሁ።»

«እንዲያ ተብሎ አይጻፍም።»

«አሻራዬም እንዲያ ተብሎ አይገኝም። ልጄን በቁሟ የነፈጋችኋት ይበቃል፤ ሞታ ዝርክርክ አላሰኛትም። ሂድ።»

ወረቀቱን ከቀጭኗ እጅ በጣቶቹ ጫፍ ተቀበለ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «አንቺ ነገ ፈረቃ አለሽ። ይህን የተበጠሰ አድርገሽ እንዳትመጪ። ሌላ አይሰጥም» አላት።

ከሄደ በኋላ የእማማ መርፌ እጅ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ጭምብሉን ሊገነጥል። ማንጠልጠያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ባዶውን ወረደ።

ከስፌት መኪናው መሳቢያ መርፌና ክር አወጣች። ያለ መነጽር አንድ ጊዜ ሞክራ አስገባችው።

«ነዪ ወዲህ።»

«አይጠጉኝ፣ እማማ። እኔ እኮ የምሠራው ከእሷ ጎን ነበር።»

«ነዪ አልኩሽ።»

ቀጭኗ እግሯ ሥር ተንበረከከች። እማማ መርፌ የመርፌ ቁልፉን ነቅላ ማንጠልጠያውን እዚያው ፊቷ ላይ ሰፋችው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስ፣ ከዚያ ቋጠሮ፣ ያኔ ልጇን እንዳስተማረቻት። የቀጭኗ ጆሮ ይሞቃል። በሦስት ቀን ውስጥ እማማ መርፌ የነካቻት የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

«አለቀ፣ እማማ?»

ስፌቱ አልቋል። መቀሱም ጉልበቷ ላይ ነው። ለሰውዬው በከለከለችው አውራ ጣቷ ላይ ክሩን አንድ ጊዜ ጠቀለለችው፣ ደገመችው፣ ሳትቆርጠው ያዘችው።

«ገና ነው» አለች።