ከጋራው የወረዱ መስታወቶች

ፈንታው የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ይዞ ቁልቁለቱን እያወረዳት ሳለ፣ አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ተነስታ ፊቱ ቆመች። ያገሩ ልጅ ናት፤ ባለፈው ወር የሞቱት የቁርኣን መምህር ሚስት ኑርጃን። የሰባት ዓመት ልጇ አስያ ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ ስልሳ አምስት ነው። ወግዲ ውስጥ በድርቁ ከብቱ አልቋል። የፈንታው ሦስት በቅሎዎች የተረፉት አስፋው በሚያስመጣላቸው ገብስ ነው። አስፋው የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው፤ ከሰማይ የሚወርድ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ምልክቱን እንዲተውባቸው ልዩ ቅባት የተቀቡ መስታወቶች በሣጥን አሽጎ ጋራው አናት ላይ ስድስት ወር አቆይቷል። ጠዋት ሲጭኑ ደስታው ልክ አልነበረውም። ጨረሩ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ሌሊት ሰማዩን ከሚያቋርጠው ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ መሀል ሳይመጣ እንዳልቀረ፣ እዚያ ምን ኃይል እንዲያ አጣድፎ እንደሚወረውረው ያወቀ ሰው በዓለም እንደሌለ ለፈንታው ነግሮታል።

"አያ ፈንታው፣ እኔ እቀራለሁ" አለች ኑርጃን። "እሷን ብቻ መካነ ሰላም አድርስልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ንፍሮ ያድላሉ ብለውኛል።"

ሁለቱ በቅሎዎች ሣጥን ጭነዋል፤ ሦስተኛዋ ላይ አስፋው ተቀምጧል። ልጅቱን ከሩቅ ተመለከታትና ትኩሳት እንዳላት ጠየቀ።

"የረሃብ ነው፣ ጌታዬ" አለች እናቲቱ።

"ተስቦ ቢሆንስ? ከእኔ ጋር አላስቀምጣትም። ሣጥኑ ላይ ከወጣችም መስታወቱ ይሰበራል።" ወደ ፈንታው ዞረ። "ከፈለግህ አንተ እዘላት። መካነ ሰላም የሚጠብቀኝ መኪና ግን በሰባት ሰዓት ይሄዳል። ካላደረስከኝ ለሚቀጥለው ሣጥን ሌላ ባለበቅሎ እፈልጋለሁ፤ ገብሱም የሱ ይሆናል።"

ፈንታው ልጅቱን አያት። ብትከብድ የአንድ ጠቦት ያህል ነው። ከዚያ በቅሎዎቹን አያቸው።

"ነገ ስመለስ እወስዳታለሁ" አላት እናቲቱን።

ኑርጃን ደግማ አልለመነችውም። "አላህ ያግባህ" ብላ መንገዱን ለቀቀችለት።

በሰዓቱ ደረሱ። አንድም መስታወት አልተሰበረም። አስፋው የፈንታውን እጅ ጨብጦ አመሰገነው።

በነጋታው ፈንታው ባዶ በቅሎዎቹን እየነዳ ሲወጣ፣ የሌሊቱ ውርጭ ሣሩ ላይ ገና ነጭ ነበር። መገንጠያው ላይ ቆመ። የላይኛው መንገድ በሁለት ሰዓት ጉዞ ኑርጃን ዘንድ ያደርሳል። የታችኛው እናትና ልጅ በቀሩበት ሳያልፍ በወንዙ ዞሮ ወደ አገሩ ይገባል፤ ግማሽ ቀን ይጨምራል።

በቅሎዎቹን ወደ ታችኛው ነዳቸው።