እስከ መጨረሻው ፌርማታ

ነርሷ ነጩን መጠጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የፕሮቲንና የቫይታሚን ዱቄት ተበጥብጦበት ወፈር ብሏል።

«አንጀት ሥራ ከፈታ ይደክማል፤ ሲደክም ለበሽታ በር ይከፍታል» አለች። «ይሄ ብቻውን አያድንህም፤ ግን ያግዝሃል። እስከ ማታ ካልጨረስከው ነገ በአፍንጫህ ቱቦ እናስገባለን።»

አውቶቡስ ነጂው ራሱን ነቀነቀ። ከመቅኔ ንቅለ ተከላው በፊት የወሰደው ኃይለኛ መድኃኒት አፉንና ጉሮሮውን አቁስሎታል፤ ምራቁን እንኳ ሲውጥ እሾህ የዋጠ ይመስለዋል። ቢሆንም ቱቦ የሚባል ነገር አይገባብኝም ብሎ ቆርጧል። አንዴ ጎንጨት ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ኩባያውን መልሶ አስቀመጠ።

ጠያቂ ከማይገባበት ክፍሉ መስተዋት ማዶ ታላቅ እህቱ ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ እንደወጣች በመምጣቷ ደረቷ ላይ የሰካቻት መርፌ አልተነቀለችም። መቅኔዋን የሰጠችው እሷ ናት። በስልክ ደወለችለት።

«ምነው ቆምክ?»

«ሞተሩ አልነሳ አለኝ፣ እትዬ።»

«የማንን ሞተር ነው የምታማው? የኔ መቅኔ እኮ እኔ ጋ ጠግቦ ነበር የሚያድረው። አታስርብብኝ!»

ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁም አመመው።

«ዛሬ ረዳትህ እኔ ነኝ» አለች። «መስመርህን አውቀዋለሁ። ወራጅ አለ ሳልል መቆም የለም። ወደ ዳቦ ቤቱ ንዳው!»

ዋጠ።

«ወራጅ አለ! እሺ፣ ሳበው! ፋርማሲው!»

ዋጠ። ገበያው ጋ ሲደርሱ ግን ላብ አጠመቀው፤ ኩባያውን አስቀመጠ።

«እዚህ ጋ ላውርድሽ፣ እህቴ። መንገዱ ተዘግቷል።»

«እኔ የተሳፈርኩት እስከ መጨረሻው ነው። አልወርድም!»

ዓይኑን ጨፈነ። ገበያው ጋ ሰው ሲበዛበት ምን ያደርግ ነበር? አይመለስም፤ ጥሩምባም አይነፋም። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ እየተሳበ ያልፋል። ዓይኑን ገልጦ ማንኪያ አነሳ።

«ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አላት።

«ማን አጣደፈህ?»

በማንኪያ ጫፍ እየጨለፈ ዋጠ። እያረፈ፣ እያቃሰተ፣ እንደገና ዋጠ። በየክፍሉ የመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ሄደው እህቱ ብቻ ቀረች። ነርሷ ተመልሳ ኩባያውን ስትገለብጠው ጠብ የሚል አልነበረም።

«መናኸሪያ!» ብላ እህቱ መስተዋቱን ደበደበችው። ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል ጠራት።

«ነገ ጠዋትም ሌላ ኩባያ አለ» አላት። «ካረፈድሽ ጥዬሽ ነው የምነሳው።»