የሁስና ፊት

ሸህድ ሥዕል የለመደችው ሰው ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ነው። እናቷ ሁስና ከወሎ ወደ ካርቱም የመጣችው ገና በልጅነቷ ነበር። ሱዳናዊው ባሏ ፈድል ከሞተባት በኋላ ቡሪ ሰፈር አንድ ሰፊ ቤት እያጸዳች ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ትምህርት በሌለ ቀን የምትተውላት ሰው ስለሌላት ሸህድን ይዛት ትሄዳለች። «እዚህ ጥግ ቁጭ በይ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ» ትላትና የብስኩት ካርቶን ቀዳ ከእርሳስ ጋር ትሰጣታለች። ልጅቱም ከእናቷ ሌላ የምታየው ስለሌለ እናቷን ስትሥል ትውላለች።

ዛሬ ሸህድ ትልቅ ሰው ናት። ሁለቱ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ። ቀን ቀን ልብስ መሸጫ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ በእጅ የሚሠሩ ትንንሽ መጽሔቶች ታዘጋጃለች። እሷና ጓደኞቿ «ዚን» ይሉታል። ዚን ማተሚያ ቤት አይገባም። ሰው ራሱ ሥሎ፣ ራሱ ኮፒ አስደርጎ፣ ራሱ አጥፎና በመርፌ ሰፍቶ ለፈለገ ሰው የሚሰጠው ነው። ሁስና ግን እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ «ኪታብ» ነው የምትለው። «ልጄ ኪታብ ትሠራለች» ስትል የሰማ ጎረቤት ሁሉ ልጅቱ ቁርአን የምታስቀራ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ ሸህድ ስለ እናቷ ዚን ልትሠራ ተነሣች። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ድንገት ልታስደስታት ነው። መጀመሪያ በዐማርኛ ልጽፍበት ብላ ሞከረች። አፏን በዐማርኛ ብትፈታም ፊደሉን በደንብ አልተማረችውም፤ ሁለት መስመር ጽፋ ስታነበው የሌላ ሰው ንግግር መሰላት። ዐረብኛው ይቀላት ነበር፤ ግን እናቷ ከሷ ጋር ስታወራ በዐረብኛ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉን እርግፍ አድርጋ ትታ ሥዕል ብቻ አደረገችው።

እናቷ ወለል ስትወለውል ሣለች። መስኮት ስትጠርግ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ የሰው ሕፃን አዝላ ስታስተኛ ሣለች። መስመሩ ሲወፍርባት ቀዳ እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ የተቀደደው ወረቀት አልጋው ሥር ተከመረ። ሽፋኑን እንደ ሻይ በሚፈላው ቀይ አበባ፣ በከርከዴ ቀባችው። ስትቀባው ቀይ የነበረው ሲደርቅ ወደ ሐምራዊ ሄደ። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቆይታ ግን ወደደችው። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ሐቲም ማሽኑ ጥቁር መስመር እንደሚጥል አስቀድሞ ቢነግራትም «ግድ የለም፣ ይጣል» ብላ ኮፒ አስነሣች። ከዚያ አጥፋ፣ በነጭ ክር ሰፍታ ጨረሰች።

ጁምዓ ከሰዓት ዚን ሠሪዎቹ ጓደኛሞች በአንድ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ሥራቸውን ያሳያሉ። ሸህድ እናቷንና የእናቷን ያገር ልጅና ባልንጀራ ሉጥፊያን ጠራቻቸው። ሁስና ለበዓል የምትለብሰውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም ነጠላ፣ ተጠቅልላ መጣች። ከጠረጴዛው አንዱን የሸህድ ዚን አንሥታ ቀስ እያለች ገለጠች። የመጨረሻውን ገጽ አይታ ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና እንደገና ገለጠችው። ከዚያ እንደነበረ አስቀመጠችው።

«ማሻአላህ» አለችና ቶቧን መልሳ ተጠቀለለች።

በሐፍላው፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ሲመለሱ ሁስና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪያወርዳቸው ድረስ አልዞረችም። ቤት ደርሰው በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ሸህድ መታገሥ አልቻለችም።

«ማሊክ ዩማ? ምን ሆንሽ እናቴ? አልወደድሽውም?»

ሁስና ጫማዋን እያወለቀች «ጀርባዬ ነው» አለች።

«ምን?»

«ሁሉም ላይ ጀርባዬ ነው ያለው። ፊት የለኝም እንዴ፣ ሸህድ?»

ሸህድ ዚኑን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። ወላሂ እውነት ነው። በየገጹ የጎበጠ ጀርባ፣ የታሰረ ሻሽ፣ የተዘረጋ ክንድ። አንድም ዓይን፣ አንድም አፍ የለም። እየሣለች አላስተዋለችውም ነበር።

«ከጥጉ ሆኜ… የሚታየኝ እሱ ነበር» አለች።

ሁስና ትክ ብላ አየቻት። ቁጣ ከፊቷ እየለቀቀ ሄደ።

«ለካስ ጀርባዬን እያየሽ ነው ያደግሽው» አለች። ዐይኗን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ተስተካክላ ተቀመጠች። «ያላ፣ እርሳስሽን አምጪ። እስኪ አሁን በደንብ እዪኝ።»

የመጀመሪያው ሥዕል አላማረም። ሁስና ትንፋሿን ውጣ፣ አንገቷን አቅንታ ስለተቀመጠች የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ መሰለች። «ዩማ፣ አውሪ» አለቻት ሸህድ። «ምን ላውራ?» «የፈለግሽውን።» ሁስናም ስለ መንደሯ፣ ስለ አንድ ሰነፍ ጎረቤታቸው ማውራት ጀመረች። ሰውየው አህያይቱ ላይ ተኝቶ ገበያ እሄዳለሁ ሲል አህያዋ ዞራ ቤቱ መልሳው፣ ሲነቃ ገበያ የደረሰ መስሎት ከገዛ ሚስቱ ጋር የበርበሬ ዋጋ ሲከራከር የተገኘ ነው። እዚህ ስትደርስ ሣቋ መጣና አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«እጅሽን አውርጂ።»

«ኧረ እቴ፣ ድዴ ይታያል።»

የሁስና ድድ የተነቀሰ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። ሸህድ ይህን ድድ ያየችው ስንት ጊዜ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ ጥቂት ነው። እናቷ ስትሥቅ ሁልጊዜ እጇ አፏ ላይ ነው።

«ለምን ትሸፍኚዋለሽ?»

«የቡሪዎቹ ልጆች ‹አፍሽ ቆሽሿል› እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። እዚያ ሥራ አዲስ የገባሁ ጊዜ። ከዚያ ለመደብኝ» አለች ሁስና። «እኛ አገር እኮ ጌጥ ነው። አክስቴ ናት በመርፌ የነቀሰችኝ፣ በኩራዝ ጥላሸት። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። መስተዋት ሲሰጡኝ ግን… ወይ ሸህድ! ከኔ በላይ ቆንጆ በአገሩ ያለ አልመሰለኝም።»

ይህን ስትል እጇን ረስታ ጉልበቷ ላይ ጥላው ነበር። ሸህድ ቶሎ ቶሎ ሣለች። ድዱን ለማጥቆር እርሳሱን አስጠግታ ነጥብ በነጥብ ሞላችው።

ሥዕሉን ለሐቲም ማሽን መስጠት አልፈለገችም። ማሽኑ ቀጭኑን መስመር ሁሉ አጥቁሮ ያበላሸዋል። የተሰፋው ዚን በስተኋላው ባዶ ገጽ ስለነበረው፣ በያንዳንዱ ላይ ፊቷን በእጅ ልትሥል ወሰነች። ሁስና ከሥራ ስትመለስ እግሯን ታጥባ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፣ ሸህድ ትሥላለች። አንዱ ላይ ሁስና ደክሟታል። አንዱ ላይ የምትሠራበት ቤት እመቤት ተቆጥታት ስለመጣች ከንፈሯን ነክሳለች። አንዱ ላይ ስለ ፈድል እያወራች ነበርና ዓይኖቿ ሌላ ቦታ ናቸው። ሸህድ ስለ አባቷ ያልሰማችውን ብዙ ነገር የሰማችው በነዚያ ምሽቶች ነው። አንድ ዓይነት ፊት ያለው ዚን አልተገኘም።

ቀጥሎ በመጣው ጁምዓ ሁስና ራሷ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠች። ሰው ሲመጣ ዚኑን ከመሐል ታወጣና የሰውየውን ገጽታ አይታ ትመርጥለታለች። «ለዚች የምትሥቀዋን ስጪያት፣ ከፍቷታል» ትላለች ለልጇ በዐማርኛ።

ሉጥፊያ መጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኔንስ መቼ ነው የምትሥይኝ?»

«ዛሬም ይሆናል፣ ኻልቲ» አለች ሸህድ እንደ አክስት እየጠራቻት። «ምን ስትሠሪ ልሣልሽ?»

«ስዋኝ።»

ሁስና ዞር አለች። «አንቺ ደግሞ መዋኘት ከየት አመጣሽ?»

«ሐይቅ ዳር አይደል እንዴ ያደግኩት! ወንዶቹን ሁሉ እቀድም ነበር። እዚህ አገር ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ሸህድ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። «ክንድሽ እንዴት ነው የሚሄደው? አሳዪኝ።»

ሉጥፊያ የቶቧን ጫፍ ለሁስና አስያዘቻት። በግቢው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አንዱን ክንዷን ወደ ፊት ወረወረች፤ ቀጥሎም ሌላውን።