ያልተነካ ብር

ሰኞ ገበያ ውስጥ የጥንት ብር አዋቂ ማነው ብትሉ ጣት ሁሉ ወደ ሀፊዝ ይጠቁማል። የሚሸጠው ጨርቅ ነው፤ ልቡ ግን አልጋው ስር በተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አንድ ማርትሬዛ ብር እጁ ሲገባ ፊቱን አይቶ፣ ጠርዙን ዳብሶ፣ «ይህ ይቀመጥ፤ ይህ ለአንጥረኛ ይሰጥ» ይላል። ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደበትን፣ በአመድ የተፈተገውን፣ ከሚዛኑ በላይ ዋጋ አይሰጠውም። የሚወደው ያልተነካውን፣ ዘመን ያጠቆረውን ነው። «ጥቁረቱ ነው ገንዘቡ፤ አስር ዓመት ቢቀመጥ ራሱን ይወልዳል» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ለሚስቱ ለሱዓድ ግን ይህን ነግሯት አያውቅም። ሴት ስለ ብር ምን ታውቃለች የሚል ሰው ነው፤ አዋቂነቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

እሷ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፤ «የቢልቂስ ነው።»

ቢልቂስ አንዲት ልጃቸው ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ስታገባ ብሩን ሸጦ እዚያው ቤት ሊገዛላት አስቧል። ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር ንዴቱ ነው። ሱዓድን ሁለት ጊዜ ፈቷታል፤ አንዴ ገና ሙሽራ ሳለች በማይረባ ነገር፣ አንዴ ከወንድሟ ጋር ተጣልቶ። ሁለቱንም ጊዜ አልቅሶ፣ ሽማግሌ ልኮ መልሷታል። ያኔ ሸህ ዘይኑልአቢዲን «ሀፊዝ፣ ሦስተኛዋ ከአፍህ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ምላስህን እሰር» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ ንዴቱ ሲመጣ ከቤት ወጥቶ ይሄዳል። እንዲህ እያሉ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ደግ ኑሮም ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ገዢ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ። የሳጥኑን ቁልፍ ለሱዓድ ትቶላታል፤ ያምናታል። ባል የልጄ ነው ያለውን ብር እናት ምን ታደርገዋለች? የራሷ እናት ኩታበር ላይ እንዳደረገችላት አደረገች። አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ጆሮ አስበየደችበት፣ በሎሚ አስፈተገችው፣ በጥቁር ክር ሰክታ የልጇ አንገት ላይ አጠለቀችው።

አዲስ አበባ ያገኘው ገዢ የብሩን ፎቶ አይቶ እሺ ብሏል። ሀፊዝ ቤቱ ሲገባ እየሳቀ ነበር።

«አባባ፣ እየኝ እስቲ!» አለች ቢልቂስ።

ብሩ ያብለጨልጫል። ቀረብ ብሎ አንዱን ገለበጠ፤ ብየዳው የንግሥቲቱን ራስ በልቶታል። ሌላውን ገለበጠ። ሦስተኛውን አላየም።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሱዓድ ምስጋና እየጠበቀች። «የቢልቂስ ነው ብለኸኝ የለ? ምነው፣ አላማረም?»

መውጣት ነበረበት። በሩም ከኋላው ክፍት ነበር። አፉ ግን ቀደመው።

«ፈትቼሻለሁ!»

«ያ ረቢ!» አለች ቢልቂስ፤ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሀፊዝ የደነገጠው ካለው በኋላ ነው። ብሩም፣ ገዢውም፣ የሚገዛው ቤትም ከሐሳቡ ጠፉ። እየሮጠ ሸሁ ዘንድ ሄደ፤ ንዴት ነው እንጂ ልቤ አይደለም አለ። ሸሁ ብዙ ጠየቁት። «ያልከውን ስትል ታውቅ ነበር?» አሉት በመጨረሻ። መዋሸት ፈለገ፤ በአላህ ስም መዋሸት ግን አልሆነለትም።

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያ አብቅቷል፣ ልጄ» አሉት፤ እሳቸውም አለቀሱ።

ሲመለስ ሱዓድ ጓዳ ውስጥ ልብሷን ትሸክፋለች። ኮቴውን ስትሰማ ከአልጋው ላይ ሻሿን አፈፍ አድርጋ ፀጉሯን ሸፈነች። ስንት ዓመት የዳበሰው ፀጉር ነው።

«ሱዓድ፣ አውፍ በይኝ። ብሩ ገደል ይግባ።»

«አውፍ ብያለሁ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «ግን ባዳ ሴት ያለችበት ሲገቡ ድምፅ ያሰሙ።»

ሀፊዝ ወደ ኋላው ተመልሶ ደጅ ወጣ፤ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳና «ልግባ?» አለ።